በቀን አንድ መስመር

ዮናስ፦ እንደምን ቆያችሁ አድማጮቻችን። ማህሌት ዛሬ ስቱዲዮ የመጣችው ረጅም ሻርፕ ይዛ ነው። ከጠረጴዛው አልፎ መሬት ነክቷል። ምንድን ነው ይሄ?

ማህሌት፦ የአንድ ዓመት ሥራዬ ነው። መጽሐፍ እየተረጎምኩ እንደሆነ ታውቃለህ። ማታ ማታ በኪሮሽ አንድ መስመር እሠራለሁ። አዲስ ገጽ የተረጎምኩ ቀን አረንጓዴ። የቆየውን ሳርም የዋልኩ ቀን ቢጫ። ተቀምጬ ምንም ያልወጣልኝ ቀን ደግሞ ግራጫ።

ዮናስ፦ ደብተር ላይ መጻፍ አይበቃም ነበር?

ማህሌት፦ ደብተርማ አለኝ። ግን «ዛሬ ምንም» ብዬ ጽፌ ገጹን እገልጣለሁ፣ አለቀ። ግራጫውን መስመር ከዳር እስከ ዳር በእጄ ልሠራው ግድ ነው። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ አሥር ደቂቃ ቀኑን ሳላስበው አላልፍም።

ዮናስ፦ እዚህ መሃል ላይ ግራጫው በዝቷል። ቆይ ልቁጠረው... አሥራ አንድ መስመር!

ማህሌት፦ መጀመሪያ ሳየው አፈርኩ። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ምንም አልሠራሁም ማለት ነው ብዬ። በኋላ ከደብተሬ ጋር አመሳከርኩት። ለካ አንድ ቃል ስፈልግ ነው የከረምኩት። ምዕራፉ ሙሉ በሙሉ የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነበር። ከተገኘች በኋላ ያለውን እየው እስቲ፤ ሃያ ሦስት መስመር አረንጓዴ። ግራጫ ቀን የባከነ ቀን ነው እል የነበረው አሁን ይቆጨኛል።

ዮናስ፦ ሮማን ኦፓልካን አስታወስሽኝ። ፖላንዳዊ ሠዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ከ1 ጀምሮ ቁጥሮችን በተከታታይ ሸራ ላይ በነጭ ቀለም መጻፍ ጀመረ። ከ1972 ወዲህ ደግሞ የእያንዳንዱን አዲስ ሸራ መደብ ካለፈው 1 በመቶ ያህል ያነጣው ነበር። በ2011 ሲሞት 5,607,249 ላይ ደርሷል።

ማህሌት፦ ነጭ በነጭ ላይ ሆነ ማለት ነዋ።

ዮናስ፦ አዎ፣ መጨረሻ አካባቢ ቁጥሩን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ደግሞ የቀኑን ሥራ ሲጨርስ ከሸራው ፊት ቆሞ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹን በተርታ ስታያቸው ፀጉሩም እየነጣ ይሄዳል።

ማህሌት፦ እሱ መጨረሻ የሌለው ሥራ ነው የመረጠው። የእኔ መጽሐፍ አንድ ቀን ያልቃል። ግን እኔም ስንት ገጽ እንደቀረኝ መቁጠር ትቻለሁ።

ዮናስ፦ እኔ አዲስ ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የተሻሻልኩ አይመስለኝም። እንዳንቺ ልጀምር ብል ምን ትመክሪኛለሽ?

ማህሌት፦ ቀለም አታብዛ፣ ሦስት ይበቃል። የክሮቹ ውፍረት እኩል ይሁን፣ አለዚያ ዳሩ ይጣመምብሃል። ያመለጠህን ቀን በማግሥቱ ደርበህ አትሥራ። ክሩን ደግሞ አንዴ በደንብ ግዛ። የቀለሙ ቁጥር ተመሳሳይ ቢሆንም በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ትንሽ ይለያል። ይኸው፣ እዚህ ጋ። አረንጓዴው አልቆብኝ ሌላ የገዛሁበት ነው።

ዮናስ፦ ያስታውቃል፤ ጠቆር ብሏል። አልፈታሽውም?

ማህሌት፦ ልፈታው ክሩን መሳብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ ቀኑን ቆጠርኩ። አምስተኛውን ምዕራፍ የጀመርኩበት ሰሞን ነው። ተውኩት።