ወደ ቴክሳስ ለምታስቡ፦ የሻጩ ታክስ የእናንተ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰዓታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግም ላይ ሆነ ለቅሶ ቤት ወሬው አንድ ሆኗል። «እገሌ ዳላስ ገባ፤ በታውንሃውስ ዋጋ ጓሮ ያለው ቤት ገዛ።» ውሸት አይደለም። ግን ግማሹ ነው።

ቴክሳስ ከደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ አይቆርጥም። ታዲያ ትምህርት ቤቱና ካውንቲው ከየት ይብሉ? በአብዛኛው ከቤት ታክስ ነው። ዳላስ ዙሪያ ብዙ ቦታ ከቤቱ ግምት 2 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ለ400 ሺህ ዶላር ቤት በዓመት 8 ሺህ፣ በወር ወደ 670 ዶላር ማለት ነው። የቤት ብድሩ ክፍያ፣ ሞርጌጁ፣ ገና አልተነካም።

ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የታክስ ቁጥር ደግሞ የሻጩ ነው። እዚያ በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ታክስ የሚከፍልበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ሕግ ይከለክልለታል። ከቆየ፣ ግምቱ ከገበያው በታች ሊሆን ይችላል። እናንተ ስትገዙ ያ ገደብ ይነሳል። በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ይገመታል።

አዲስ ቤት የምትፈልጉ፣ ይህችን ልብ በሉ። ግምቱ የሚያዘው ጃንዋሪ 1 ባለው ሁኔታ ነው። ያን ቀን ባዶ መሬት ከነበረ የመጀመሪያው ዓመት ታክስ የመሬቱ ብቻ ነው። ባንኩ ኤስክሮውን፣ ማለትም ለታክስና ለኢንሹራንስ በየወሩ ከእናንተ የሚሰበስበውን፣ በዚያ ካሰላው ወርሃዊ ክፍያው ደስ ይላል። በዓመቱ ሙሉ ቤቱ ሲገመት ክፍያው ዘሎ ይወጣል፤ ያለፈውም ጉድለት ይጨመርበታል። ስለዚህ ብድሩን የሚሠራላችሁን ሎን ኦፊሰር «ቤቱ አልቆ በተገመተበት ታክስ አስላልኝ» በሉት። እምቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።

ሜሪላንድ ውስጥ ጎረቤት ቤቱን ስንት እንደሸጠ ማንም አይቶ ያውቃል። ቴክሳስ ሻጭም ገዢም ዋጋውን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ የለበትም። የዌብሳይት ግምት ላይ ብዙ አትደገፉ። ሰፈሩን የሚያውቅ ኤጀንት በቅርብ የተሸጡትን ያውጣላችሁ።

ኢንሹራንሱስ? በረዶ ጣሪያ ይበሳል። ብዙ ውል ላይ ለበረዶና ለነፋስ ከራሳችሁ የምትከፍሉት በመቶኛ ነው። በ400 ሺህ ለተገባ ኢንሹራንስ 2 በመቶ፣ 8 ሺህ ዶላር ከኪሳችሁ። አፈሩም መረሬ ነው፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱን ያንቀሳቅሳል። በውሉ ላይ «ኦፕሽን ፒሪየድ» የሚባሉ ቀናት አስገቡ። በእነዚያ ቀናት አስመርምራችሁ፣ ካልጣማችሁ ትንሽ ክፍያ ትታችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

ከገባችሁ በኋላ በራሱ ቤት ለሚኖር ሰው የሚሰጠውን የታክስ ቅናሽ፣ የሆምስቴድ ቅናሽ፣ ጠይቁ። ከ2025 ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ ታክስ ከግምቱ 140 ሺህ ዶላር ይቀነሳል። ማመልከቻው በነጻ ነው። «በክፍያ እናስጨርስላችሁ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ ጣሉት። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ግን የአዲሱ ቤት አድራሻ መኖር አለበት።

ዕቁብ ያላችሁ ደግሞ ዕጣው ቀደም ብሎ ይውጣላችሁ፤ ገንዘቡንም ቶሎ ባንክ አስገቡ። አበዳሪው የሁለት ወር ስቴትመንት አይቶ «ይሄ ከየት መጣ?» ይላል። ዕቁብን ማስረዳት ቀላል አይደለም፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

«ኪራይ ገንዘብ መጣል ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ አልስማማም። ሥራውን፣ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን ሳያውቁ ከመግዛት አንድ ዓመት መከራየት ይረክሳል።

ያያችሁትን ቤት አድራሻ የያዛችሁ ወደ ፊት ኑ። የታክስ መዝገቡን አብረን እንክፈተው።