ዳገቱ ዳግመኛ ሊወርድ ይችላል
(ክረምት ሊገባ ሲል በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖሩ የእድር አባላት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ናዳ ስናወራ የጎፋውን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከባድ ዝናብ ያራሰው ዳገት ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጎረቤት ለእርዳታ ሮጠ። ሕዝቡ የተቀበሩትን ለማውጣት እንደተሰበሰበ ዳገቱ ዳግመኛ ወረደበት። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ፤ ብዙዎቹ ሰው ሊያድኑ የሄዱ ነበሩ።

እኛም ጩኸት ብንሰማ የምንሮጠው እንደነሱ ነው። ይህ ልባችን ይኑር፤ አሯሯጣችን ግን መለወጥ አለበት።

በመጀመሪያ የወረደው አፈር ከበላዩ ያለውን ደግፎ ይዞት ነበር። እሱ ሲሄድ ውሃ የጠገበው የላይኛው መሬት ድጋፍ ያጣል። ውሃ ደግሞ በአፈር ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚሰርገው፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ ማለት ዳገቱ ረጋ ማለት አይደለም።

በረዶ በሚከመርባቸው እንደ አልፕስ ባሉ ተራሮች ላይ የበረዶ ናዳ አደጋ በክረምታቸው ከ1 እስከ 5 ደረጃ እየወጣለት ይነገራል። ልምድ ያላቸው ተጓዦችም አስጊ ቁልቁለት የሚያቋርጡት አንድ በአንድ ነው፤ አንዱ ሲያልፍ ሌሎቹ ደህና ቦታ ቆመው ዓይናቸውን አይነቅሉበትም። ለእኛም የሚያስፈልገን ይኸው በየተራ መግባትና እየተጠባበቁ መቆም ነው።

ከቤታችሁ በላይ መሬቱ ከተሰነጠቀ፣ ቀጥ ብሎ የነበረ ባሕር ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ካዘነበለ፣ ደህና የነበረ በር አልዘጋ ካለ፣ ጥርት ያለ ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ልጆችንና አረጋውያንን ይዛችሁ ውጡ፤ ዕቃው ይቅር! ስትወጡም ወደ ጎን እንጂ ናዳው በሚወርድበት አቅጣጫ ወደ ታች አትሩጡ። የአሸንዳ ውሃ ቤት ለመሥራት በተቆረጠ ዳገት ላይ እንዳይፈስ ከአሁኑ በቦይ ምሩት። ደጋፊ ግንብ ያላችሁም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ጥረጉ፤ ከኋላው የታቆረ ውሃ ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እድራችን ጥሩምባ አለው። አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ወደ እሳትና አደጋ ኮሚሽን፣ 939 ይደወል። ቆፋሪዎች ጥቂት ይሁኑ፣ በየተራም ይግቡ፤ የቀረነው ከዳገቱ ራቅ ብለን እንቁም። ሁለት ሰዎች አካፋ ሳይነኩ፣ ደህና ቦታ ላይ ሆነው ዳገቱን ብቻ ይመልከቱ። ድንጋይ መንከባለል ከጀመረ ወይም ስንጥቁ ከሰፋ ጥሩምባው ይነፋ፤ ድምፁ የተሰማ ጊዜ የገዛ ወንድሙን እየቆፈረ ያለ ሰውም ቢሆን ጥሎ ይውጣ። ከባድ ነገር እንደምጠይቃችሁ አውቃለሁ። ስለዚህም ዛሬ፣ ልባችን በተረጋጋበት ሰዓት፣ እንስማማበት። ሁለቱን ጠባቂዎችና ተተኪዎቻቸውን ሳንበተን እንምረጥ፤ ጥሩምባው በክረምቱ በማን ቤት እንደሚቀመጥም ሰብሳቢያችን አሁኑኑ ያስወስኑልን።