ጭንቀት ሲይዘን የምንጠራው ስም

ክቡራን አባቶቼና እናቶቼ፣ መምህራን፣ ወጣቶች፤

እዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ጭፍን ጥላቻ እንድናገር ስጠየቅ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። በእኛ በሰሜን ሸዋ ምጣድና ጀበና የሚሠሩልን፣ ማረሻ የሚቀጠቅጡልን ሰዎች «ቡዳ» ሲባሉ ኖረዋል። ዛሬም በሹክሹክታ ይባላሉ።

ልጅ በድንገት ይታመማል። እናት ትጨነቃለች። ምን እንደነካው የሚያውቅ የለም። ይሄ አለማወቅ ራሱ ያሠቃያል። ያኔ አንዱ «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል። እፎይ ይባላል፤ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። ልጁ ግን አልዳነም። ጎረቤት ደግሞ ጠላት ሆነ።

አሪ ክሩግላንስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንን የቁርጥ ያለ መልስ ጉጉት ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ሰው ጉጉቱ ሲበረታበት መጀመሪያ ያገኘውን መልስ ይይዛል። ከያዘ በኋላ አይለቅም። ድካም፣ ጥድፊያና ጫጫታ ደግሞ ያባብሱታል። እንግዲህ በጭፍን የሚፈርጀው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም። የደከመና የፈራ ደግ ሰውም ይፈርጃል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መሳደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን ይኸው አለ። የዚያችን እናት ጭንቀት አዋጅ አይደርስበትም።

ስለ ጭፍን ጥላቻ ያጠናው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈው ይጠቅመናል። ሰዎች መገናኘታቸው ብቻ አይበቃም ይላል። እኩል ሆነው ለአንድ ዓላማ አብረው ሲሠሩ ነው ጥላቻው የሚቀንሰው። እኛ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር በየገበያው እንገናኛለን። ጀበናውን አንኳኩተን እናያለን፣ ዋጋ እንከራከራለን፣ ገዝተን እንሄዳለን። ቤቷ ገብተን ቡና ጠጥተናል ወይ? ልጇን ለልጃችን እንድራለን? በማኅበራችን ጽዋ ታነሳለች? ይሄ ሁሉ ከሌለ ዕድሜ ልክ ብንገበያይም አልተዋወቅንም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። እናቶቼ፣ ልጅ ሲታመም ስም ከመጥራታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መምህራን፣ «አላውቅም» ያለ ተማሪ አይሳቅበት፤ ሳያውቅ መቆየትን ከአሁኑ ይልመድ። የእድር ዳኞች፣ መዝገባችሁን ገልጣችሁ እዩ። የአካባቢያችሁ ባለእጆች ከሌሉበት ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጋብዟቸው።

አመሰግናለሁ።