ጆንያው ውስጥ ምን አለ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ባህር ዳር ስቱዲዮ ገብቼ ስለ ዓለም ፖለቲካ የአድማጮችን ጥያቄ ስመልስ ነበር። ሰዓቱ አልበቃንም። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ በአየር ላይ ያልጨረስኩትንም ጨምሬ እዚህ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዘጌ የደወሉ አባት፦ አሜሪካና ቻይና እንዲህ ሲጓተቱ እንደኛ ያለ አገር የማንን ጥግ ይዞ ይኑር?

አባቴ፣ ቡና አለኝ ብለውናልና ከዚያው ልነሳ። ደጅዎ የሚመጣው ነጋዴ አንድ ብቻ ሲሆን ዋጋ ቆራጩ እሱ ነው። ሁለተኛ ነጋዴ ሲመጣ ግን ያው ቡና፣ ያው ጆንያ፣ ዋጋው ይለወጣል። የኃያላን ፉክክር የሚከፍተው በር ይሄ ነው። ጆንያው ባዶ ከሆነ ግን ሁለቱም አልፈውዎት ይሄዳሉ። ስለዚህ እኔ ማን ጋ ልጠጋ ከማለት በፊት በእጄ ምን አለ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ቱርክን እንይ። ከ1952 ጀምሮ አሜሪካ ያለችበት የምዕራባውያን የጦር ጥምረት፣ የኔቶ አባል ናት። በእጇ ያለው ከጥቁር ባሕር የሚያስወጣው ወሽመጥ ነው። በ1936 ሞንትሮ ላይ የተፈረመው ውል የጦር መርከቦችን መተላለፊያ እንድትቆጣጠር ሥልጣን ሰጥቷታል። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ ወሽመጡን ለተፋላሚዎቹ የጦር መርከቦች ዘጋችው። ለዩክሬን ድሮን ትሸጣለች፣ ከሩሲያ ጋዝ ትገዛለች፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ ከተባበሩት መንግሥታት ጋር ሆና ሁለቱን ኢስታንቡል ላይ የእህል ስምምነት አስፈረመች። በዚያ መንገድ ከ30 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ወጥቷል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በዚህ ስምምነት መጀመሪያ የላከው መርከብ የጫነው ስንዴ ለኢትዮጵያ ነበር።

የባጃጅ ሹፌር፣ ከባህር ዳር፦ ታዲያ ይሄ በሁለት ቢላ መብላት አይደለም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ለአንዱ ያንን፣ ለሌላው ይህን ያወራል። ቬትናም ግን መስመሯን በአደባባይ ተናግራለች። የጦር ጥምረት አልገባም፣ የውጭ ጦር ሰፈር አላስገባም፣ ከአንዱ ጋር ሆኜ ሌላውን አልወጋም ትላለች። አሜሪካም ቻይናም በየጊዜያቸው የተዋጓት አገር ናት። በ2023 መስከረም ባይደን ሃኖይ ሄዱ፣ ታኅሣሥ ላይ ሺ ጂንፒንግ ተከተሉ። ሁለቱም የሚያገኟት እዚያው የቆመችበት ቦታ ላይ ነው።

ዋጋ አያስከፍልም ግን አልልህም። ቱርክ በ2019 የሩሲያን ኤስ-400 ሚሳይል ስትረከብ አሜሪካ ከኤፍ-35 ተዋጊ ጄት ፕሮግራም አስወጣቻት። የባሰው ግን አንዱ ላይ ብቻ መንጠልጠል ነው። የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር የታጠቀው በሶቪየት መሣሪያ ነበር። በ1977 ኢትዮጵያን ሲወር ሞስኮ ወደ እኛ ዞረች፣ እሱም ባዶ እጁን ቀረ።

ከጎርጎራ የደወለች መምህርት፦ እኛ ይህን ብልሃት አውቀነው እናውቃለን?

እህቴ፣ ደጃፍሽ ላይ ያለውን ጣና ጠይቂው! በ1925 ብሪታንያና ጣሊያን እኛን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ። ብሪታንያ ጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ጣሊያን ልትደግፋት፣ ጣሊያን ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን የሚያገናኝ ባቡር እንድትዘረጋ፣ ምዕራቡን የአገራችንን ክፍልም ለኢኮኖሚዋ እንድትይዝ ብሪታንያ ልትደግፋት ተስማሙ። በኛ ሐይቅ፣ በኛ መሬት! ኢትዮጵያ ግን ከ1923 ጀምሮ የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ራስ ተፈሪ በ1926 አቤቱታቸውን እዚያው አቀረቡ። ሁለቱ መንግሥታት የማስገደድ ሐሳብ አልነበረንም ብለው ለመመለስ ተገደዱ። በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አሜሪካ ተልከው ጄ.ጂ. ዋይት ከተባለ የኒውዮርክ ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ሁለቱ ጎረቤቶች ሲያስቸግሩ ሦስተኛ ሰው ከሩቅ አመጡ ማለት ነው።

ግድቡ አልተሠራም። በ1935 ጣሊያን ስትወረን ያ ማኅበር አላዳነንም። ይህን ታሪክ ባስተማርኩ ቁጥር ይከብደኛል፣ ምክንያቱም ብልሃቱ ሳይጎድለን ነው የተጠቃነው። ጉልበት አልነበረንም።

ከድል በኋላ የሆነውን ለማየት ደግሞ እዚሁ ከተማ መዞር ይበቃል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጣሊያን የጦር ካሳ ነው። ፖሊውን፣ ፖሊ ቴክኒክ ተቋሙን ማለቴ ነው፣ በ1963 የሠሩልን ሶቪየቶች ናቸው። በዚያው ሰሞን፣ ከ1958 እስከ 1964፣ የአሜሪካ መሐንዲሶች የአባይን ተፋሰስ ያጠኑ ነበር። ከጠቆሟቸው የግድብ ቦታዎች አንዱ ድንበሩ አጠገብ ያለው ነው፣ ዛሬ ህዳሴ የቆመበት አካባቢ። ጥናቱ ግን መደርደሪያ ላይ ቆየ፣ የሚያበድር አልተገኘማ። በ2011 ሲጀመር ሕዝቡ ቦንድ ገዛ። በ2020 ዋሽንግተን የእርዳታ ገንዘብ ስትይዝብን ግንባታው ያልቆመው ገንዘቡ በአብዛኛው ከራሳችን ኪስ የወጣ ስለነበር ነው። መስከረም 2025 ተመረቀ።

ተማሪ፣ ከፖሊ፦ ብሪክስ ገብተን ምን አገኘን?

እስካሁን ወንበር። እነ ቻይና፣ ሩሲያና ብራዚል ካሉበት ከዚህ ስብስብ ከጥር 2024 ጀምሮ አባል ነን፣ ግን አባልነቱ ብቻውን ብድርም ገበያም አያመጣም። ህንድን ተመልከት። ብሪክስ ውስጥ አለች፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከአውስትራሊያ ጋርም ኳድ የሚባለው ስብስብ ውስጥ አለች። በ2023 የቡድን 20 ሊቀመንበር ስትሆን የአፍሪካ ኅብረት ቋሚ አባል ሆኖ እንዲገባ አደረገች። ወንበር እንዲህ ሲሠራበት ነው።

ነጋዴ እናት፣ ከባህር ዳር፦ ጥሬ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ አገር ማን ይሰማዋል?

እትዬ፣ ኢንዶኔዥያ ይህንኑ ነው የጠየቀችው። ለባትሪና ለብረት የሚሆነው ኒኬል በብዛት አላት። በጥር 2020 ጥሬው እንዳይወጣ ከለከለች፣ የፈለገ እዚህ መጥቶ ያቅልጥ አለች። የአውሮፓ ኅብረት በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሳት። ቻይናውያን ግን መጥተው ማቅለጫ ሠሩ። አሁን ከዓለም ኒኬል ከግማሽ በላዩን የምታመርተው እሷ ናት። ችግሩ አብዛኛው ማቅለጫ በቻይናውያን እጅ ነው፣ በድንጋይ ከሰል ስለሚሠራም አየሩን ይበክላል።

ቡናችንን እንዲህ እናድርገው ቢሉኝ አይሆንም እላለሁ። ብንከለክል ገዢው ወደ ብራዚልና ቬትናም ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ ግን ሌላ ነው፣ ጎረቤቶቻችን ከኛ እየገዙት ነው። እኔ ተስፋ የማደርገው በሱ ነው። እርስዎ ግን ከጎንደር የጫኑት ዕቃ መንገድ ላይ ሦስት ቀን እንደቆመብዎ ነግረውናል። ከውጭ የሚመጣውም ሰው ፋብሪካ ልሥራ ብሎ ሲያስብ መጀመሪያ የሚቆጥረው እነዚያን ሦስት ቀናት ነው።