ጡሩንባው ለሁሉም ሲነፋ
(በመሐል ሜዳ በአንድ ዕድር ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ሰብሳቢው ያሰሙት የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ለዓመቱ በሰላም አደረሳችሁ። በዚህ የመንዝ ብርድ ማልዳችሁ ስለተገኛችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ገንዘብ ያዣችን ሒሳቡን ከማሰማታቸው በፊት የከነከነኝን ላንሳ። ዕድራችን ሲመሠረት ሁላችን በስም እንተዋወቅ ነበር፤ ለቅሶ የቀረ ሰው ሳይጠየቅ አያድርም። ዛሬ ሣጥናችን ሞልቷል፤ ቀብር የሚወጣው ሰው ግን ሳስቷል። ጡሩንባው ሲነፋ ሁሉም «ሌላው ይሄዳል» ይላል፤ ቅጣቱን ከፍሎም ይገላገላል። ቅጣት አስከሬን አይሸከምም!

እ.ኤ.አ. በ2006 ሂሳሺ ኦትሱኪ፣ ማርቲን ኖቫክና ባልደረቦቻቸው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ቀላል ስሌት አውጥተው ነበር። መረዳዳት በሰው መካከል እንዲስፋፋ፣ ተረጂው የሚያገኘው ጥቅም ረጂው ከሚያወጣው ወጪ መብለጥ ያለበት አንድ ሰው በአማካይ ባሉት ጎረቤቶች ቁጥር ልክ ነው። ጎረቤቱ 4 ከሆነ ከ4 እጥፍ፣ 40 ከሆነ ከ40 እጥፍ በላይ። እርግጥ ይህ በለቅሶ ቤት የተለካ አይደለም፤ የሒሳብ ሞዴል ነው። ልብ በሉ ግን፤ የሚቆጠረው የማኅበሩ ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዳችን ትስስር ነው። ዕድሩ መስፋቱ አልጎዳንም፤ ሁሉም ለሁሉም እኩል ይድረስ ማለታችን ነው የጎዳን።

በእርሻ ሥራ ተራ በተራ የምንረዳዳበት ወንፈል ለዚህ መላ አለው። የሰው ገብስ ሳያጭድ የቀረ፣ የእርሱ ሲደርስ መጪ የለውም። ዴቪድ ራንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሙከራም ሰዎች የሚተሳሰሩትን ሰው ቶሎ ቶሎ መምረጥ ሲችሉ ትብብሩ ጸንቷል፤ ትስስሩ ሳይለወጥ ሲቆይ ግን እየደከመ ሄዷል። ዕድር ግን ወንፈል አይደለም። የሰነፍ አባል እናት ስታርፍ አንቀብርም ልንል ነው?

ስለዚህ መላውን ከጓሳ፣ ከመንዙ የጋራ የሣር መሬታችን ልውሰድ። አያቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጓሳን አስቦና ጌራ ብለው ለሁለት ከፍለው፣ በየአጥቢያው ደልድለው፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ሥርዓቱ የቀረው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። እኛም ድንኳኑና ሣጥኑ የጋራ ሆነው ይቆዩ፤ ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መፍለጡ፣ መቃብር መቆፈሩ ግን በቅርብ ጎረቤቶች ቡድን ይከፈል።

ጸሐፊያችን የቡድኖቹን ዝርዝር ይዘዋል፤ ከምሳ በፊት ይነበባል። ስሙ ከማያውቀው ሰፈር የገባበት ካለ ያኔ እጁን ያውጣ። ገንዘብ ያዣችን፣ ይቅረቡ።