ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው አለ፤ የቱን ሄድፎን ላስመጣ?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፤ ታገሱኝ።

አንድ አድማጭ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢት ይሠራል። ክራር የሚጫወት ጓደኛ አለው፣ አልፎ አልፎ እሱንም ይቀዳዋል። «አክስቴ ለበዓል ከአሜሪካ ትመጣለች። መቶ፣ ቢበዛ መቶ ሃምሳ ዶላር አለኝ። የቱን ሄድፎን ትግዛልኝ?» ነው የሚለው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን አክስት የምትመጣው አንዴ ነው። እዚያ ያለ ልጅ ሶስት አዝዞ፣ ሞክሮ፣ ሁለቱን ይመልሳል። እኛ የምንወስነው ዩቲዩብ አይተን ነው። ሰውየው የሄድፎኑን ድምፅ ሲያደንቅ ደግሞ የምንሰማው በራሳችን ርካሽ ኢርፎን ነው! ምን እንደምንሰማ እንጃ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከሞዴሉ ስም በፊት ክፍልህን ንገረኝ። ግቢው ውስጥ ስንት ቤተሰብ አለ? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው? መንገድ ዳር ነህ?

የስቱዲዮ ሄድፎን በትልቁ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጀርባው ክፍት እና ጀርባው ዝግ። ክፍቱ ድምፅ ወደ ውጭ ያስወጣል፣ የውጭውንም ያስገባል። ድምፁ ሰፋ ይላል፣ ጆሮ አያፍንም፣ ለረጅም ሰዓት ሚክስ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ፣ ይመቻል። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ስለሱ ሲያወሩ እንባ የሚያቀርሩ ሰዎች አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው፣ ድንቅ ነገር ነው። ግን ዋጋው ከአቅምህ በላይ ነው፤ ቢሆንልህም ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋል። አንተ ጋ ከአንድ ወገን ቅዳሴ፣ ከአንድ ወገን አዛን፣ ከታች የጋራዥ ግራይንደር ካለ ሁሉም ሚክስህ ውስጥ ይገባል። ክረምት ሲመጣማ ተወው።

ሌላም ነገር አለ። ጓደኛህን ስትቀዳ ክሊኩን፣ ማለትም ምቱን የሚቆጥርለትን ድምፅ፣ የሚሰማው በሄድፎን ነው። ሄድፎኑ ክፍት ከሆነ ክሊኩ ሾልኮ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ክራር ደግሞ ለስላሳ ነው። መጨረሻ ላይ ክሩ እየሰለለ ሲጠፋ ከሥሩ «ጭክ ጭክ» ይሰማሃል። ያንን ማንም አያጸዳልህም። አንድ ብቻ የሚገዛና በዚያው የሚቀዳ ሰው ዝጉን ይግዛ።

አሁን ኦም፣ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያው። ሰው ኦም ሲባል ይፈራል። አንተ የሚያስፈልግህ ይሄ ብቻ ነው፦ ቁጥሩ ከፍ ሲል ሄድፎኑ ከመሣሪያህ ብዙ ቮልቴጅ ይጠይቃል። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቷል። በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ የ250ው የሚያገኘው ኃይል የ80ው ከሚያገኘው አንድ ሶስተኛ ገደማ ነው። 250ው ትልቅ ቁጥር ስለሆነ የተሻለ ነው ብለው የሚያስመጡ አሉ። ከዚያ በላፕቶፕ ይሰኩታል፣ ቮልዩሙ ጥግ ይደርሳል፣ ድምፁ ግን ደካማ ነው። ትንሽ ኢንተርፌስ፣ ማለትም ማይክና ሄድፎን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ሳጥን፣ ላለው 80ው ይበቃል። በቀጥታ በስልክ ወይም በላፕቶፕ የሚሠራ ከዚያም ዝቅ ይበል። ብሉቱዝ የሚባለውን ለሥራ እርሳው። ኪቦርዱን ስትነካና ድምፁ ሲመጣ መሃሉ ላይ መዘግየት አለ፤ በዚያ ላይ ምት ይዘህ መጫወት አትችልም።

ወደ ስሞቹ እንሂድ። በዚህ ብር እኔ ከሁለት አላልፍም። አንዱ ሶኒ ኤምዲአር-7506 ነው። የወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስከ ዛሬ ይሸጣል። 63 ኦም ነው፣ በማንኛውም ነገር ይነዳል። የላይኛው ድምፅ፣ ማለትም ስል የሆነው፣ ጎልቶ ይወጣል። ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል። አማርኛ ለሚቀዳ ሰው ግን እኔ ጥቅም ነው እላለሁ። ቋንቋችን «ጸ»፣ «ጨ»፣ «ጠ»፣ «ቀ» ሞልቶበታል። ዘፋኙ ማይኩ ላይ ተጠግቶ «ጸ» ሲል የሚፈነዳ ነገር አለ። «ሰ» እና «ሽ» ደግሞ ይፏጫሉ። ደብዛዛ ሄድፎን ይደብቅልሃል፤ ይሄኛው ቁጭ አድርጎ ያሳይሃል። ክፉ ጎኑ፣ ገመዱ ከሄድፎኑ አይነቀልም፣ የጆሮው ቆዳም ከጊዜ በኋላ እየተላጠ ጥቁር ፍርፋሪ አንገትህ ላይ ይቀራል። መለዋወጫው ውድ አይደለም፤ አብሮ ማስመጣት ነው።

ሁለተኛው ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤም40ኤክስ ነው። ታላቅ ወንድሙ ኤም50ኤክስ የበለጠ ዝነኛ ነው፣ ሁሉም የሚያወራው ስለሱ ነው። ቤዙ ግን ትንሽ ያሞካሻል። ኤም40ኤክስ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ድምፁም ይበልጥ የረጋ ነው። ገመዱ ይነቀላል፤ ሲበጠስ ገመዱን ብቻ ትቀይራለህ። ጫፏ ግን ለየት ያለች ናት፣ ሁሉም ሱቅ አታገኛትም።

መቶ ሃምሳው ትንሽ ከተለጠጠ ዲቲ 770 ይጨመራል። ለስላሳ ጨርቅ ነው ጆሮው ላይ የሚያርፈው፣ ሙሉ ቀን ብታደርገው አያቃጥልም። ክፍሎቹ ተለዋጭ ስለሆኑ ዕድሜው ረጅም ነው። ቤዙ ግን ከፍ ይላል፣ ላዩም እንደዚያው። መሃሉ ወደኋላ ይሸሻል። ማሲንቆና ወንድ ድምፅ የሚጋፉት ደግሞ እዚያው መሃል ላይ ነው። ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ሄድፎን የማልመርጠው።

«ታዲያ የሚያምረው የቱ ነው?» የሚል አይጠፋም። ያማሃ ኤንኤስ-10 የሚባል ትንሽ ስፒከር ነበር፣ ኮኑ ነጭ። በ1978 እ.ኤ.አ. ለሳሎን ተብሎ ወጣ። ለሳሎን አልተወደደም፤ ድምፁ ደረቅ ነው። ስቱዲዮዎች ግን አነሱትና በዓለም ላይ ስንት አልበም በሱ ተሚከሰ። መሃለኛውን ድምፅ ገፍቶ ስለሚያወጣ ሁለት መሣሪያ ሲጋፋ ወዲያው ያሳብቃል። የሥራ ሄድፎንም እንደ ሐቀኛ ጓደኛ ነው፤ ሲያሞግስህ ጠርጥር።

ስለ ቤዝ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጸብ የሚነሳው እዚህ ነው። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል ማለት ነው። ሄድፎንህ ያሰማሃል። የአድማጭህ የስልክ ስፒከር ግን ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ከነጭራሹ አያሰማም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከበሮው በስልክም እንዲሰማ የመዳፉ «ጣ» መኖር አለበት፤ «ዱም» ብቻውን አይበቃም። ሌላው፣ ሄድፎን ግራን ለግራ፣ ቀኝን ለቀኝ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰጠው። በስፒከር ሁለቱም ጆሮ ሁለቱንም ይሰማል። በሄድፎን ግራና ቀኝ ተዘርግቶ የሚያምር ክራር በትንሿ ብሉቱዝ ስፒከር አንድ ላይ ሲጨፈለቅ ሊሳሳ ይችላል። በየመሃሉ ግራና ቀኙን አንድ የሚያደርገውን የሞኖ ቁልፍ ተጫን። ከዚያ ወደ ስልክ ላከው። ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩን አባብሎ ሥራውን የሚያስከፍት ልጅ አውቃለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ፈተና የለም።

አንድ ነገር ማንም አይነግራችሁም። ዝግ ሄድፎን ጆሮ ዙሪያ በደንብ ካልተገጠመ ቤዙ ይሸሻል። መነጽር፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ድሬድ፣ ሁሉም ቀዳዳ ይከፍታሉ። «ይሄ ሄድፎን ቤዝ የለውም» ከማለትህ በፊት በእጅህ ጫን አድርገህ ስማ።

ፌኩን ተጠንቀቁ። የኤም50ኤክስም የ7506ም አስመሳይ በዓለም ገበያ ሞልቷል፣ ካርቶኑ ሳይቀር አንድ ነው። ዋጋው በግማሽ ከወረደ ራቁ። አክስትህን ከታወቀ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ግዢልኝ በላት።

የቀረው ጆሮ ነው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም የድምፁ ጉልበት 85 ዴሲቤል ከሆነ በቀን ከ8 ሰዓት አይለፍ ይላል፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ ስትደርስ 1 ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት ሌሊት ስንሠራ ጆሮ እየደከመ እጃችን ቮልዩም ላይ ይወጣል። እኔ ኢንተርፌሱ ቁልፍ አጠገብ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ አስምሬበታለሁ። ከመስመሩ ማለፍ ሲያምረኝ ሄድፎኑን አወልቄ ሻይ አፈላለሁ።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ ማይክ እናወራለን። ጥያቄ በድምፅ ላኩልኝ፣ አጠር አድርጋችሁ ብቻ። ቻው።