ካቡ የማን ነው?

(በደሴ ከተማ፣ በዓመታዊው የተፋሰስ ልማት ሥራ መጀመሪያ ዋዜማ የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ሼሆችና ቀሳውስት፣ ከደሴ ዙሪያ፣ ከኩታበር፣ ከተሁለደሬና ከቃሉ የመጣችሁ አርሶ አደሮች፣ የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎች፣ ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

በደብዳቤ የተሰጠኝ ርእስ «የመሬት ይዞታ፣ የምግብ ዋስትናና የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ» ይላል። ሦስት ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው። እኔ ሦስቱንም በአንድነት ያየሁት አንድ ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ከሰዓቴ አብዛኛውን እዚያ ተራራ ላይ ባሳልፈው ፍቀዱልኝ።

ከዚያ በፊት ግን የ1966ቱን የወሎ ረሀብ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። እዚህ የተቀመጣችሁ ሽማግሎች በዓይናችሁ ያያችሁት ነው። ያኔ እኔ በዚህ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ከሰሜን በኩል በመኪና መንገዱ ዳር እየተንቀራፈፈ የሚመጣውን ሕዝብ አይቻለሁ። ከሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው መንገድ፣ እህል የጫነ መኪና ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር። እህል ነበረ፤ ገበያም ነበረ። የተራበው ሰው መግዣ አልነበረውም። በሬው አልቋል፤ የሚያርሰው መሬት የባለ ርስቱ ነው፤ ጉልበቱን የሚገዛው አልነበረም። ረሀብ ማለት የዝናብ መቅረት ብቻ ነው የሚለኝን ሰው ከዚያ ወዲህ አምኜ አላውቅም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር ወጥተው ከጨፈሩት አንዱ ነኝ። ዛሬም አልጸጸትበትም፤ ጭሰኝነት መቅረት ነበረበት። ሆኖም መሬቱ ከባለ ርስቱ እጅ ወጥቶ ወደ አራሹ ሲመጣ መንገድ ላይ የቀረ ነገር ነበር። ገበሬው ማረስ ተፈቀደለት እንጂ የሚያርሰው መሬት ለከርሞም የእርሱ ስለመሆኑ የነገረው ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ተራራው ልውሰዳችሁ።

በ1970ዎቹ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ የተመደብኩት እዚሁ ደሴ ዙሪያ ነው። ዘመኑ የምግብ ለሥራ ዘመን ነበር፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈራል። በዚያን ጊዜ በማይባር ሐይቅ አጠገብ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ባለሙያዎች ከማሳው ላይ የሚሄደውን ጎርፍና አፈር እየለኩ ይመዘግቡ ነበር። እኛ በወጣትነት ትዕቢት መልሱ በእጃችን ያለ መሰለን። አንድ ራቁቱን የቀረ ተራራ ነበር። ከላይ እስከ ታች እርከን ሠራንበት፤ ጥድና ባሕር ዛፍ ተከልንበት፤ ከዚያም ከለልነው። ዘበኛ ቆመ። ከብት እንዳይገባ፣ ሣር እንዳይታጨድ፣ ጭራሮ እንዳይለቀም ተከለከለ።

ከተራራው ሥር የሚኖሩ አንድ አባት ነበሩ። ስድስት ፍየሎቻቸው ክልሉ ውስጥ ተገኝተው ተያዙ፤ ተቀጡም። ቅጣቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በእጄ ጽሑፍ። ከፈሉ፤ ምንም አላሉም። ብቻ ሲወጡ በራፉ ላይ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ተራራ እኮ የአባቶቻችን ግጦሽ ነበር፤ ማንን ጠይቃችሁ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ለእናንተው ጥቅም ነው» አልኳቸው። ይህን ቃል ዛሬም ከባለሙያ አፍ ስሰማ ያሳፍረኛል።

ተራራው ለመለመ። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሥሩ ያለችው ደረቅ ምንጭ በበጋ ማንጠባጠብ ጀመረች። ፎቶግራፍ የሚያነሡ እንግዶች ይመጡ ነበር። እኔም የዕድሜዬ ሥራ ይህ ነው ብዬ አመንኩ።

ከዚያ 1983 መጣ። መንግሥት ሲለወጥ ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ተራራውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተላጨ። ቀን በመጥረቢያ፣ ሌሊት በመጋዝ። ሴቱ፣ ወንዱ፣ ሕፃኑ ሳይቀር ተሸከመው። የካቡን ድንጋይ እንኳ ለቤት መሠረት የወሰዱ ነበሩ። በእንባ ቆሜ ሳይ እኚያ አባት ወፍራም የጥድ ግንድ ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ አገኘኋቸው።

«አባቴ፣ እርስዎም?» አልኳቸው።

ግንዱን መሬት ላይ አወረዱት። ላባቸውን ጠረጉ። «የመንግሥት ነው ስትሉን አልነበር? መንግሥት ሄደ፤ ዕቃውን አነሣን» አሉኝ።

ያን ቀን ተቆጥቼ ነበር። ነገር ግን ወደ ቀያቸው ዘልቄ ያየሁት ሌላ ነው። ከደጃፋቸው አያታቸው የተከሏት ወይራ ቆማለች፤ አንድ ቅርንጫፍ አልተነካባትም። ከቤታቸው ጀርባ ባለው ሁለት ጥማድ ማሳ ላይ ደግሞ ማንም ስንዴ ሳይሰፍርላቸው በእጃቸው የካቡት እርከን አለ። ከክረምት እስከ ክረምት የወደቀውን ድንጋይ እያነሡ ሲመልሱ ኖረዋል። እኚህ ሰው ዛፍ ጠልተው ነው? አፈር ለመጠበቅ ትምህርት አንሷቸው ነው? በፍጹም! የራሳቸው የሆነውን ጠበቁ፤ የማን እንደሆነ ያልተነገራቸውን አነሡ። ጥፋቱ የእኛ ነው። እኔን ጨምሮ፣ ሳንጠይቅ ካብ የካብን ሁላችን።

ወገኖቼ፣ ትምህርቱን ብንወስድ ኖሮ እዚህ ቆሜ አላደክማችሁም ነበር። በ1989 በክልላችን መሬት እንደገና ሲደለደል፣ ማሳውን ለዓመታት በእርከን ያሳመረ ገበሬና ማሳውን ቦረቦር ያስበላ ገበሬ በአንድ ገመድ ተለኩ። ከዚያ በኋላ የሚካብ ካብ ለማን ነው? ከርሞ ገመድ ይመጣብኛል ብሎ የሚሰጋ ሰው ድንጋይ አይሸከምም። ፍግም አይበትንም፤ ዛፍም አይተክልም፤ መሬቱ በእጁ ሳለ አሟጦ ያርሰዋል። ይህን ሰው ሰነፍ ብሎ የሚጠራ ካለ፣ እርሱ ራሱ የኪራይ ቤት ጣሪያ በገንዘቡ የሚያድስ መሆኑን በመጀመሪያ ይንገረን!

ደብተሩ መልካም ነገር አምጥቷል፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ከ1995 ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈ። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏ ወንድሞች መሬቱን ሊነጥቋት ሲመጡ ደብተሩን ከሳጥኗ አውጥታ ስታሳይ አይቻለሁ። ማሳዋን ለእኩል አራሽ ስትሰጥም ይቀማኛል ብላ አትሰጋም። በብዙ ቀበሌዎች ከደብተሩ ወዲህ የድንበር ጠብ ቀንሷል፤ የጓሮ ተክልና የግል እርከን በዝቷል። ወረቀት አፈር እንደሚያቆም ያመንኩት ያኔ ነው።

ነገር ግን ደብተሩ ከተማ ሲቃረብ ኃይሉ ለምን ይጠፋል? ኮምቦልቻ አድጋለች፤ ደሴም እየሰፋች ነው። ፋብሪካውንም መንገዱንም አልቃወምም፤ ልጆቻችን የሚሠሩበት ነው። ዳሩ ግን በከተማ ዳር ያለ ገበሬ፣ ደብተሩን በእጁ ይዞ፣ መሬቱ ለከተማ ልማት መከለሉን ከጎረቤቱ ነው የሚሰማው። በ1997 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ለሚወሰድበት መሬት የሚከፈለው ካሳ የአንድ ዓመት አማካይ ገቢ አሥር እጥፍ ነበር፤ በ2011 አዋጅ ቁጥር 1161 ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የከፍተኛው ዓመት ገቢ 15 እጥፍ ተደረገ። በሕጉ ላይ ተሻሽሏል። መሬቱ ግን የልጅ ልጁን ጭምር ያበላ ነበር! በካሳው የሦስት እግር ባጃጅ ገዝቶ፣ ባጃጁ ሲያረጅ በአባቱ መሬት ላይ በተሠራ ግንብ በር የጥበቃ ሥራ የለመነ ሰው አውቃለሁ። የገጠሩ ገበሬም ይህን ያያል። የከተማው ወሰን ወደ እርሱ እየቀረበ ሲመጣ እርከኑን መጠገን ይተዋል፤ በማሳው ባሕር ዛፍ ይሰካና ይጠብቃል። ክረምት ሲገባ የቦርከና ወንዝ በዶሮ መዝለያ በኩል በአፈር ቀልቶ የሚወርደው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሌላ ጥናት አያስፈልገንም።

ስለ ወጣቶቹ አጭር ነገር ልናገር። በ1989 የተወለደ ልጅ ዛሬ ወደ ሠላሳ ተጠግቷል። አግብቷል፤ ወልዷል፤ ከአባቱ ሁለት ጥማድ ላይ ተቀንሶ ካልተሰጠው በስሙ የተመዘገበ ቁራጭ መሬት የለውም። ነገ ግን ካብ የሚክበው እርሱ ነው። በሴፍቲኔት፣ ማለትም ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ በሥራው ልክ እርዳታ በሚሰጠው ፕሮግራም፣ የታቀፈውም እንዲሁ፤ ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ1997 ወዲህ በየዓመቱ በወል መሬት ላይ ድንጋይ ይደረድራል። ሥራው መልካም ነው። ተራራው ሲያገግም ሣሩ፣ ንቡ፣ እንጨቱ የማን እንደሚሆን ግን አልተጻፈለትም።

ስለ መስኖ፣ ስለ በልግ ዝናብ መዛባትና ስለ ምርጥ ዘር ማስታወሻ ይዤ ነበር። ከእኔ የተሻሉ ባለሙያዎች ከሰዓት በኋላ ይናገሩበታል።

አንድ ልመና አለኝ፤ የምለምነውም ፊት ለፊት የተቀመጣችሁትን ኃላፊዎች ነው። ነገ ጠዋት ሕዝቡ አካፋና ዶማ ይዞ ተራራው ሥር ሲሰበሰብ፣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያው መዝገቡን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ይገኝ። የሚሠራበት ቦታ የየትኛው መንደር፣ የየትኞቹ ወጣቶች እንደሆነ በሽማግሎች ፊት ይነበብ፤ ድንበሩ ይተከል፤ ስማቸው ይጻፍ፤ ፊርማው ይፈረም። ግማሽ ቀን ቢፈጅም ይፍጅ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ድንጋይ እናነሣለን። እኔም ጉልበቴ የፈቀደውን ያህል ከእናንተ ጋር አነሣለሁ።

እኚያ አባት አርፈዋል። ልጃቸው ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጧል፤ ወይራዋም አሁንም ቆማለች ብሎኛል። ስለ ስድስቱ ፍየሎች በሕዝብ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

አመሰግናለሁ።